የጳጉሜ ተረኛ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወርጄ የግድግዳ ካላንደር ገዛሁ። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካላንደር ሻጮች በጊዮርጊስ ዙሪያ መታየታቸው የቆየ ልማድ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ቢሰፋም፣ ድሮ ዝናብ የምንጠለልባቸው በረንዳዎች ባይኖሩም፣ እነሱ ካላንደራቸውን በላስቲክ ሸፍነው እንደ ጥንቱ ቆመዋል። ከአንዱ ተቀብዬ ሥዕሉንም በዓላቱንም ሳላይ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጥኩ። ነሐሴ ነው። ጳጉሜ ከሥሩ፣ በትንንሽ ቁጥር፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«ለጳጉሜ ለብቻዋ ገጽ ያለው የለህም?» አልኩት።

«አባባ፣ አምስት ቀን ለምትቆይ እንግዳ ሙሉ ክፍል ይሰጣታል እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ይሄኔ ደፈር አለና፣ «ልደትዎ በጳጉሜ ነው መሰለኝ» ብሎ ጨመረ።

«አይደለም። በጳጉሜ የሞቱብኝ አሉ።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ነፍስ ይማር» አለ አንገቱን ደፍቶ። ሰዎች አለመሆናቸውን፣ የበግ ኩላሊት ሴሎች መሆናቸውን ስነግረው ግን ትንሽ አየኝና ካላንደሩን ጠቅልሎ ሰጥቶኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። አልፈረድኩበትም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የእንስሳት በሽታ በሚጠናባት አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት ተቀጥሬ የሙከራ ዓመቴን ልጨርስ አንድ ወር ያህል ቀርቶኛል። ላቦራቶሪዋ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ በሚገኝ ባለ እንጨት ደረጃ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበረች። ከሥር ሻይ ቤት ስለነበረ ጠዋት ጠዋት የቦምቦሊኖው ዘይት ሽታ እስከ በራችን ድረስ ይሸኘናል፤ በሩን ስንከፍት ደግሞ የአልኮል ሽታ ይቀበለናል። ዛሬም ቦምቦሊኖ በሸተተኝ ቁጥር እጄን መታጠብ ያምረኛል።

አለቃችን ዶክተር መንበሩ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ነበሩ። ከሳቸው ሌላ ሁለት ቴክኒሻኖች ነበርን፤ እኔና ለታይ፤ ስሜ እንዳለ ነው። ለታይ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቋሚ ሠራተኛ ናት። ቤተሰቧ ከትግራይ መጥቶ እሪ በከንቱ የተተከለ ነው፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው አድጋለች። ሥራ ስታስተምረኝ በአማርኛ፣ ስትናደድብኝ በትግርኛ ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ትግርኛ ለምጃለሁ።

የሥራችንን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ ከአንድ በግ ኩላሊት የተወሰዱ ሴሎች ነበሩን። በጉ ሞቶ ተረስቷል፤ ሴሎቹ ግን ጠርሙስ ውስጥ እየተባዙ ይኖራሉ። የሚበሉት ቀይ ፈሳሽ ነው። እየበሉ ሲሄዱ ቀዩ ወደ ብጫ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ አሮጌውን ደፍተን አዲስ እንሰጣቸዋለን። ጠርሙሱን ሲሞሉት ደግሞ ከፍለን ወደ ሌላ ጠርሙስ እናዛውራቸዋለን። ማታ ማታ የሚያድሩት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቀንም እንደዚያው።

ችግሩ ፈረንጆቹ ያሳደጓቸው በሠላሳ ሰባት ዲግሪ መሆኑ ነው፤ በሰው ልክ ማለት ነው። በግ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ከሰው ይሞቃል፤ ሲታመምማ አይጣል ነው። ዶክተር መንበሩ፣ «በሽታውን በበጉ ትኩሳት ውስጥ ካላየነው ግማሹን ብቻ ነው የምናየው» ይሉ ነበር። ስለዚህ እነዚያን በሠላሳ ሰባት የተቀማጠሉ ሴሎች ወደ አርባ ዲግሪ ጠጋ ባለ ሙቀት መኖር ልናስለምዳቸው ተነሣን። ይሄ በአንድ ቀን አይሆንም። ግማሽ ዲግሪ ከፍ ይደረጋል። ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ይችሉታል። የቻሉት ይባዙና ጠርሙሱን ይሞሉታል። ከዚያ ሌላ ግማሽ ዲግሪ። አዲሱ ሙቀት ላይ የመጀመሪያዋ ሳምንት የአራስ ሳምንት ናት፤ በየቀኑ ካልታዩ አለቀላቸው። እኔ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ስተርት ዶክተር፣ «ተረቱ የማይነግርህ፣ እስኪሄድ ድረስ እንቁላሉን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ነው» አሉኝ።

ጥበቃው በመዝገብ ነበር። ዶክተር በገዛ እጃቸው ያሰመሩት ትልቅ መዝገብ ነበረን፤ አሥራ ሁለት ገጽ፣ በየገጹ ሠላሳ መስመር፣ በገጹ ራስ የወሩ ስምና የተረኛው ስም። ሥራው በጥቅምት ስለተጀመረ ጥቅምት የኔ፣ ኅዳር የለታይ፣ እንዲህ እያልን ነሐሴ የኔ፣ መስከረም የለታይ። ተረኛው በየቀኑ ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ አይቶ ያየውን በዕለቱ መስመር ላይ ይጽፋል። ደህና ከሆኑ «ደህና» ብሎ ይፈርማል። አንባቢዬ ብልህ ከሆነ ጥፋቱን ከወዲሁ አይቶታል። እኛ ዓመቱን ሙሉ አላየነውም።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ዶክተር የበግ ደም ናሙና ሊሰበስቡ ወደ ቆላ ወረዱ። የሚመለሱት መስከረም አምስት ነው። ሁለት ማሞቂያ ሳጥኖች ብቻ ስለነበሩን አንደኛው ሁልጊዜ ሠላሳ ሰባት ላይ ይቆማል፤ መነሻዎቹ ሴሎች እዚያ ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ያሉት አሥራ አንድ ወር ለፍተንባቸው ሠላሳ ዘጠኝ ደርሰዋል። በዕቅዱ መሠረት ነሐሴ ሠላሳ ቀን እኔ የሙቀቱን ቁልፍ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል አዞርኩት። በገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ገጹን ስገልጥ «መስከረም፣ ለታይ» ይላል። ተራዬ አለቀ ብዬ መዝገቡን ዘጋሁና ወጣሁ። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ፣ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

ያቺን ጳጉሜ መቼም አልረሳትም። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሳይጠበቅ እኩለ ቀን ላይ ወረደ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሩፋኤል ጠበል ነው ብለው ሜዳ ወጡ። እኔም ሃያ ሦስት ዓመቴን ረስቼ ከእህቴ ልጆች ጋር ሸሚዜን አውልቄ ግቢ መሐል ቆምኩ። ለታይ ደግሞ በየማለዳው እናቷን ደግፋ እንጦጦ ጠበል ትወጣ ነበር፤ እናቷን ወገባቸውን ያማቸው ነበርና። እኔ ለታይ ከሴሎቹ ጋር ናት ብዬ፣ እሷም እሱ ከሴሎቹ ጋር ነው ብላ። ሁለታችንም ልባችን ንጹሕ ነበር፤ ይሄ ግን ጠርሙስ ውስጥ ላለ ፍጡር ምን ይጠቅመዋል?

መስከረም አንድ ቀን ጠዋት እንኳን አደረሰሽ ልላት ወደ ላቦራቶሪዋ ሄድኩ። አደይ አበባ ይዛ፣ በለስ በፌስታል አንጠልጥላ ደረጃው ላይ አገኘኋት።

«የጳጉሜው እንዴት ነው?» አለችኝ ቁልፍ ከቦርሳዋ እየፈለገች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያንቺ ተራ አልነበረም እንዴ?»

«ዋእ! ጳጉሜ የነሐሴ ጅራት አይደለች? ካላንደር ላይ የት ነው ያለችው?»

«የምን ጅራት? የዓመት መለወጫ ናት፤ የመስከረም ራስ ናት እንጂ!»

ለታይ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካች ቆመች። «ራሱንና ጅራቱን ተወው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሆዱን እንይ።»

ማሞቂያውን ስንከፍተው ደስ አለኝ። ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሁን የተቀዳ ይመስል ቀይ፣ ጥርት ያለ ቀይ ነበር። ምንም አልሆኑም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ለታይ ግን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። «ቀይ ነው» አለች፣ «የበላ የለም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በማይክሮስኮፕ ሳይ እንደ ንጣፍ ተያይዘው መሬት መሬቱን መያዝ የነበረባቸው ሴሎች ተሸብሽበው፣ ክብ ሆነው፣ እንደ ተበተነ ሰሊጥ ይንሳፈፋሉ። አራቱም ጠርሙስ እንደዚያ ነው። የሠላሳ ሰባቶቹ ብጫ ሆነው ተርበው ነበር፤ ግን በሕይወት አሉ። የአሥራ አንድ ወሩ መንገድ ግን ከእግራችን ሥር ተቆርጧል። እኔ ደግሞ የሙከራ ዓመቴ በመስከረም መጨረሻ ያልቃል፤ የሚፈርሙልኝ ዶክተር መንበሩ ናቸው። ያንን ሥራ እወደው ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የወደድኩት ነገር ጥቂት ነው።

«ከሠላሳ ሰባቱ ወስደን እነዚህ ጠርሙሶች ውስጥ ብናደርግስ?» አልኳት። «ማን ያውቃል? ቢሞቱ እንኳ ኋላ በሙቀቱ ሞቱ ይባላል።»

ለታይ ዞር ብላ አየችኝ። የጠበቅሁት ትግርኛ አልመጣም። «ያልኖሩበትን ኖሩበት ብለህ ልትጽፍ?» አለች ብቻ። አፈርኩ።

ሙት የሚመስሉትን ጠርሙሶች ልደፋቸው ስነሣ እጄን ያዘችኝ። ዶክተር ሳያዩት የሚጣል ነገር እንደሌለ፣ ይሄ የቤቱ ደንብ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ እንደማንኛውም ቀን ካፖርቷን ለብሳ የተንሳፈፉትን አጥባ አዲስ ምግብ ትሰጣቸው ጀመር።

«ለሞተ ምግብ ይሰጣል?» አልኳት።

«ተዝካር በለው» አለችኝ ቀና ሳትል።

እሷ ዕቃ ልታጥብ ስትወጣ ግን እኔ ሰው የማያየኝ መሰለኝ። ጠርሙስ ለመለወጥ ድፍረት ባጣ ወረቀት ለመጻፍ አላጣሁም። አንድ ነጠላ ወረቀት አውጥቼ፣ መዝገቡ ለጳጉሜ ገጽ የለውም ለማለት እንዲመቸኝ፣ አምስት መስመር አሰመርኩበት። ጳጉሜ 1፣ ደህና። ጳጉሜ 2፣ ደህና። አምስቱንም ሞላኋቸው፤ በየመስመሩ ፈረምኩ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዶክተር ሲመጡ አሳያለሁ፤ ሴሎቹ በመስከረም ነው የሞቱት እላለሁ፤ መስከረም የለታይ ናት። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ዛሬ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

መስከረም አምስት ዶክተር ፊታቸው በፀሐይ ከስሎ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ፣ የበረዶ ሣጥናቸውን ራሳቸው ተሸክመው ደረሱ። ሳይቀመጡ፣ «ልጆቼስ?» አሉ። ልጆቼ የሚሉት ሴሎቹን ነው፤ እኛን በስማችን ነበር የሚጠሩን።

እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወረቀቱን እየዳበስኩ ነው። ከኔ በፊት ለታይ ተናገረች።

«ዶክተር፣ አጥፍቻለሁ። ጳጉሜን ሙሉ ማንም አላያቸውም። እኔ የቆየሁ ሠራተኛ ነኝ፤ ጳጉሜ የማን ናት ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እንዳለ ገና ልጅ ነው፤ እሱን አይያዙበት።»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያነስኩበት ጊዜ የለም። እኔ ልጥልባት የነበረውን ሸክም እሷ ሳልጥልባት ተሸክማዋለች። ጥፋት ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል ብዬ ነበር የማውቀው፤ ወደ ራሱ የሚጎትት ሰው ከፊቴ ሲቆም ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አልኩ። «ሙቀቱን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቸው የሄድኩትም እኔ ነኝ። ይሄ ደግሞ ውሸት ነው። ከአራት ቀን በፊት ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው። በሷ ላላክክ ነበር።»

ለታይ ወረቀቱን አየችው። ካጠገቤ ግን አልራቀችም።

ዶክተር መንበሩ ወረቀቱን አንሥተው አነበቡት። ከዚያ መዝገቡን ሳቡ። «ይሄን ማን አሰመረው?» አሉ።

«እርስዎ» አልኩ።

«ስንት ገጽ አለው?»

«አሥራ ሁለት።»

«የኛ ዓመት ስንት ወር ነው?»

«አሥራ ሦስት» አለች ለታይ።

«እንግዲያው ፊተኛው ጥፋተኛ እኔ ነኝ» አሉ። «ስማር የፈረንጆቹን መዝገብ አይቼ ነው ያሰመርኩት። በአገሬ አቆጣጠር ስጽፍ ኖሬ የአገሬን ወር ዘለልኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተ ግን ሁለት ነው። ተራ መርሳት የሰው ነው። ያላየኸውን አየሁ ብለህ መጻፍህ ግን እዚህ ቤት ያለውን ሁሉ የሚገድል ነው። ነሐሴን ሙሉ ደህና ብለህ ጽፈሃል። አሁን የቱን ደህና ልመን?»

ብዕራቸውን አውጥተው ከአምስቱ መስመሮች ሥር አንድ ነገር ጻፉበትና አጥፈው መለሱልኝ። «ቤትህ ስትደርስ ታነበዋለህ» አሉ።

ከዚያ ነው ማይክሮስኮፑ ላይ የተቀመጡት። አንዱን ጠርሙስ አዩ፤ አስቀመጡት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዩ። «ለታይ፣ ምግብ የሰጠሻቸው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቦታውን ለሷ ለቀቁላት፤ ቀጥሎ ለኔ። በዚያ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ አምስት ትንንሽ ደሴቶች ነበሩ። ጥቂት ጥቂት ሴሎች፣ መሬት ቆንጥጠው፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው። አንዷ ለሁለት ልትከፈል ወገቧን ሸብ አድርጋለች።

መጮህ ነበር ያማረኝ። ዶክተር ግን ሣቄን ከፊቴ ላይ አነበቡት። «ስህተታችን በጎ ሆነ ብላችሁ ለሰው እንዳታወሩ» አሉ። «ብንጠብቃቸው አምስት ሺህ ይተርፉ ነበር። እነዚህ የዳኑት በራሳቸው ነው፤ ሊመሰገኑ የሚገባቸውም እነሱ ናቸው።» ቀጥሎ ለታይን አይተው፣ «የተዝካሩ አብሳይም» አሉ። ማን ነገራቸው? እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የቀለድንበትን ሁሉ የሚሰሙ ይመስለናል እንጂ።

ያን መስከረም እንደ ጾም ጠበቅነው። ጠርሙሱን ማወዛወዝ ክልክል፣ ደጋግሞ መክፈት ክልክል። መስቀል ሲደርስ፣ ደመራው በየሰፈሩ በሚተከልበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ለታይ «እንዳለ፣ ና!» ብላ ጠራችኝ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታዋለች። ቀዩ ፈዟል፤ ከሥሩ ብጫ ሆኗል። በልተዋል። እዚያው ቆመን ለታይ ያመጣችውን በለስ ተካፈልን፤ እጄ ላይ የቀረ እሾህ ሳምንት ሙሉ ወጋኝ።

የነዚያ የአምስት ደሴት ልጆች ኋላ አርባ ዲግሪ ድረስ ወጥተው ለብዙ ዓመት አገለገሉን። ዓለምን አልለወጡም፤ ሥራቸውን ሠሩ። ዶክተር በዚያው ሳምንት በነሐሴና በመስከረም መካከል አንድ ገጽ አሰመሩና በሙጫ ለጠፉ። በራሱ ላይ «ጳጉሜ» ብለው ጻፉ፤ በተረኛው ቦታ ደግሞ «መንበሩ»። እስከ ጡረታቸው ድረስ በየጳጉሜው ዝናብ ቢዘንብ ጭቃ ቢሆን ያንን የእንጨት ደረጃ ብቻቸውን ይወጡ ነበር። እኔን ወደ እህቴ ልጆች፣ ለታይን ወደ እናቷ ጠበል ይሰዱን ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ዓመት፣ «ዘንድሮ ማን ይውሰዳት?» ቢሉ ሁለታችንም አንድ ጊዜ «እኔ» አልን። ከዚያ ወዲህ ተራ ነው።

ዶክተር ካረፉ ቆይተዋል። ፎቁም፣ ሻይ ቤቱም የለም፤ ሴሎቹም ድሮ ወደ ሌላ ቤት ተዛውረዋል። የጳጉሜ ተራ ግን አልቀረም። ተረኛ የሆነው ሰው አምስቱንም ቀን ሌላውን ሄዶ ያያል። ለታይ አሁን ከእሪ በከንቱ ርቃ ነው የምትኖረው፤ ወገቧም እንደ እናቷ ወገብ ሆኗል። ትናንት ደውዬ «ዘንድሮ የማን ናት?» አልኳት።

«ያንተ ናት፣ እንዳታጭበረብር» አለችኝ። «በለስ ይዘህ ና።»

ካላንደሩን ግድግዳ ላይ ከመስቀሌ በፊት አንድ ወረቀት አሰመርኩና ከመስከረም ገጽ ፊት ለጠፍኩበት። ከዚያ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ያችን አሮጌ ወረቀት አወጣሁ። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ አላስቻለኝም፤ ጊዮርጊስ አደባባይ ቆሜ ነበር ያነበብኳት። አምስቱ የውሸት ደህናዎቼ ደብዝዘዋል። ከሥራቸው ያለው ስድስተኛው መስመር ግን አሁንም ይነበባል።

«መስከረም 5። ከላይ ያለው ውሸት መሆኑን እንዳለ ራሱ ነገረኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሚጽፈውን አምናለሁ። መንበሩ።»

የሥራዬ ዘመን ሁሉ በዚህች መስመር ላይ የቆመ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ቢያንስም ሌላ ቃል የለኝም፤ ለሳቸውም፣ ለለታይም። ነገ ጳጉሜ አንድ ነው። ከአዲሱ ገጽ መስመሮች ፊት ቀኖቹን ብቻ ጽፌ ቀሪውን ባዶ ተውኩት። ለታይ ደህና መሆኗን ነገ ሄጄ፣ አይቼ ነው የምጽፈው።